ፍራንክፈርት ለሁለት፦ በመጀመሪያው ዓመት የቱ ከየቱ ይሻላል?

ባለቤቴ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ አውቶቡሱ ጥጉን ታጥፎ እስኪሰወር አየሁት፤ የሚቀጥለው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። የተከራየነው ቤት ከፍራንክፈርት በስተ ሰሜን፣ ታውኑስ በሚባሉት ኮረብታዎች ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሰፊ ነው፣ ጸጥታ አለው፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት ጫካ ይታያል። ውሉን ስንፈርም የሁለታችንም ፊት በርቶ ነበር። እስከ ገና ድረስ ግን ቀን ቀን ቃል የምለዋወጠው ከዳቦ ቤቷ ሻጭ ጋር ብቻ ሆነ፤ እርሷንም የማናግራት ዳቦውን በጣቴ እያሳየሁ ነው።

ባልና ሚስት ወደ አዲስ አገር ሲሄዱ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሥራ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ቤቱም፣ ኢንሹራንሱም፣ የግብር መደቡም የሚመረጠው ሥራ ለያዘው እንዲመች ተደርጎ ነው። ደመወዙ የእርሱ ስለሆነ ትክክል ይመስላል። እኔ ኖሬበት የደረስኩበት ግን ሌላ ነው፦ ሁለት አማራጭ ሲቀርብላችሁ በተከተለው ሰው ውሎ ለኩት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤት የሚውለው ሰው የት ይሄዳል? ከማን ጋር ያወራል? በስሙ የተመዘገበ ምን አለው? ሥራ ያለውን ሰው መሥሪያ ቤቱ ይይዘዋል። ሌላውን የሚይዘው የመረጣችሁት ነገር ብቻ ነው።

ሰፈር፦ ከተማው፣ ኦፈንባህ ወይስ ታውኑስ

ፍራንክፈርት ለሚገቡ ባልና ሚስት ምርጫው በተግባር ሦስት ነው። ከተማው ውስጥ መኖር፣ ማለትም ቦርንሃይም፣ ጋሉስ፣ ቦከንሃይም ወይም በምዕራብ በኩል ሄክስት፤ በምሥራቅ በኩል አጠገቡ ያለችው ኦፈንባህ፤ ወይም እንደ እኛ በባድ ሆምቡርግና በኦበርኡርዝል አቅጣጫ ወደ ታውኑስ መውጣት።

ከተማው ውስጥ ኪራዩ ይከብዳል፣ ቤቱም ይጠባል። ነገር ግን ቤት ለሚውል ሰው ከተማው ራሱ ሳሎን ይሆንለታል። ቦርንሃይም ብትኖሩ የቤርገር ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ሱቅ፣ ካፌና የመንገድ ዳር መቀመጫ ነው። ኮንስታብለርቫኸ አደባባይ ላይ ሐሙስና ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ የድንችን፣ የጎመንንና የቀይ ሽንኩርትን ስም ከመጽሐፍ በፊት የተማርኩት እዚያ፣ ተራ ይዤ ነው። በዋናው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤትና በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባዶ እጅን ይዞም ቢሆን የሚኬድበት ቦታ መኖሩ ለአእምሮ ትልቅ ነገር ነው።

ኦፈንባህ ከፍራንክፈርት ጋር የተያያዘች፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ ናት። ኤስ 1፣ ኤስ 2፣ ኤስ 8 እና ኤስ 9 ባቡሮች መሃሏን ያቋርጣሉ፤ ወደ ፍራንክፈርት መሃል ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሳይቀየሩ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳሉ። በጀርመን የውጭ ዜጎች ቁጥር ከነዋሪው አንጻር ከፍ ካለባቸው ከተሞች አንዷ ስለሆነች በተሰባበረ ጀርመንኛ ስትናገሩ ማንም ዞሮ አያያችሁም። ኪራዩ ከፍራንክፈርት ይቀንሳል። ቆሻሻ ናት፣ ጫጫታ ይበዛባታል ሲሉ ትሰማላችሁ፤ አንዳንዱ ጎዳና እንዲያ ነው። አንድ ደመወዝ ብቻ ላላቸው ባልና ሚስት ግን ከሦስቱ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ እኛም በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው ተዛወርን።

ታውኑስ መጥፎ ቦታ አይደለም። ሁለቱም ሥራ ላላቸው፣ መኪና ለያዙ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለገቡ ሰዎች መልካም ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ግን አይሆንም። ቤት ልታዩ ስትሄዱ ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፤ ቅዳሜ ሁሉም ሰፈር ሕይወት አለው። የሚከተለው ሰው ብቻውን፣ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይሂድና በእግሩ ይዙር። በሩብ ሰዓት እርምጃ ውስጥ ክፍት ሆኖ ያገኘውን ይቁጠር፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ገበያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ሰው የተቀመጠበት ካፌ። ቁጥሩ ከሦስት ካነሰ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ፈልጉ።

ቤቱ፦ ባዶ ወይስ ዕቃ የተሟላለት

ጀርመን አገር ባዶ ቤት ሲባል ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ባዶ ቤት ያየን ዕለት ኩሽና ተብሎ በተነገረን ክፍል ውስጥ ከግድግዳው የወጡ ሁለት የውኃ ቧንቧዎችና ለምድጃ የተተወ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነበሩ። ሲንክ የለም፣ ቁም ሳጥን የለም። ከጣሪያው አምፖል የሚሰቀልበት እንኳን ሳይኖር ሽቦው ተንጠልጥሏል። ስለዚህ የባዶ ቤት ኪራይ ዝቅ ያለ መስሎ ሲታያችሁ የኩሽናውን ዋጋ ደምሩበት። መካከለኛ መንገድ አለ፤ ከሚለቀው ተከራይ ኩሽናውን በስምምነት ገዝቶ መረከብ። ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል፣ ዋጋውም ድርድር ይቀበላል።

ዕቃ የተሟላለት ቤት በወር ውድ ነው፤ በሻንጣ ለሚገባ ሰው ግን ጊዜ ይገዛል። የእኔ ምክር ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ዕቃ ያለው፣ ከዚያ ከተማውን ካወቃችሁ በኋላ ባዶውን መያዝ ነው። ባዶውን በስልክና በፎቶግራፍ ብቻ አትፈርሙ፤ ለመልቀቅ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይጠበቅባችኋል፣ አንዳንዱ ውል ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ መልቀቅን ጭራሹን ያግዳል።

ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዋጋ ታያላችሁ፤ ካልትሚተ የቤቱ ኪራይ ብቻ ሲሆን ቫርምሚተ ማሞቂያውንና የጋራ ወጪውን ይጨምራል። መብራትና ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ሁልጊዜ የምታወዳድሩት ቫርምሚተውን ይሁን። መያዣው በሕግ ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም፣ በሦስት ጊዜ ከፍሎ የመጨረስ መብትም አላችሁ። አከራዮች ይህንን አይነግሯችሁም፤ ስትጠይቁ ግን ያውቁታል።

ዕቃ የተሟላለትን የአጭር ጊዜ ቤት ከመያዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አትዝለሉ፦ አከራዩ ለነዋሪነት ምዝገባ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ ፈርሞ ይሰጣል ወይ? ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለባችሁ፤ አንሜልዱንግ የሚሉት ይህ ነው። ካልተመዘገባችሁ የግብር መለያ ቁጥሩ በፖስታ አይመጣም፣ እርሱ ካልመጣ ደግሞ አሠሪው ከፍተኛውን ግብር ይቆርጣል። ማረጋገጫ የማይሰጥ አከራይ ዋጋው ምንም ቢረክስ አማራጭ ውስጥ አይግባ።

እዚህ ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። በጀርመን የጋራ ሕንፃ ላይ አፓርታማው ብዙውን ጊዜ ቁጥር የለውም፤ ፖስታ ቤቱ የሚያደርሰው በስም ነው። እኛ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ እኔ የአባቴን ስም ይዣለሁ፣ ባለቤቴ የአባቱን። አከራያችን በደወሉና በፖስታ ሣጥኑ ላይ የለጠፈው የባለቤቴን አባት ስም ብቻ ነበር። ለእኔ የተጻፈው ሁሉ ተቀባዩ በዚህ አድራሻ የለም ተብሎ ወደ ላኪው ተመለሰ። ከመካከሉ የቋንቋ ትምህርት መግቢያዬ ነበረበት፤ ሁለት ወር አስቀረኝ። ቁልፉን በተረከባችሁበት ቀን፣ አልጋ ከመዘርጋታችሁ በፊት፣ ሁለቱንም ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። የታተመው በኋላ ይደርሳል።

ከተመዘገባችሁ በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ለሁለታችሁም ለየብቻ ይመጣል። ክፍያው ግን ለአንድ ቤት አንድ ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። አንዳችሁ ክፈሉ፤ ሌላው የከፋዩን ቁጥር ጠቅሶ ይመልስ። ሁለት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የከፈሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

ቋንቋ፦ የመንግሥቱ ኮርስ፣ የግል ትምህርት ቤት ወይስ በኢንተርኔት

ከሁሉ የበለጠ የማስብበት ይህ ነው። የመንግሥቱ የውህደት ኮርስ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋና 100 ክፍለ ጊዜ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር ትምህርት አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው፣ መድረሻውም ቢ 1 ነው፣ ማለትም በዕለት ኑሮ ራስን ችሎ መግባባት የሚቻልበት መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ። የግል ትምህርት ቤቶች ክፍላቸው ጠበብ ይላል፣ ፍጥነታቸው ይጨምራል፣ ዋጋቸውም እንዲሁ። የኢንተርኔቱ ርካሽ ነው፣ ሰዓቱም እንደ ልብ ነው።

ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ የኢንተርኔቱን ወይም የማታውን እመክራለሁ። ቤት ለሚውል ሰው ግን የኢንተርኔት ትምህርት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ያንኑ ግድግዳ እያየ ነው የሚማረው። እኔ በዘገየ ሰዓት የገባሁበት የመንግሥቱ ኮርስ ጠዋት ጠዋት ነበር። በግራዬ ከሶርያ የመጣች ልብስ ሰፊ፣ በቀኜ ከዩክሬን የመጡ የሒሳብ መምህር ተቀምጠው ነበር። ማናችንም የሌላውን ቋንቋ አናውቅም፤ ስለዚህ በእረፍት ሰዓት የሚያገናኘን ያው የተማርነው አሥር ቃል ነው። በአሥር ቃል ስለ ልጅ፣ ስለ እናት፣ ስለ ቤት ኪራይ ይወራል። በሁለተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን በስልክ ስይዝ አጠገቤ ቆማ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ስልኩ ሲዘጋ ሁለታችንም ጮኽን።

የግሉን የምትመርጡት ሙያ ያለው ሰው ጊዜ ሲያጥረው ነው። ነርስ ከሆናችሁ ሙያችሁ እውቅና እንዲያገኝ በተለምዶ ከቢ 1 ቀጥሎ ያለው ቢ 2 ደረጃ ይጠየቃል፤ የመንግሥቱ ኮርስ ግን እዚያ አያደርስም። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ካለ ለእርሱ ይውጣ፣ ከሶፋና ከቴሌቪዥን በፊት።

የተከተለው ሰው መጀመሪያ ሥራ ይግባ ወይስ መጀመሪያ ቋንቋ ይማር የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። በቤተሰብ ማገናኘት ለመጣ የትዳር ጓደኛ ሥራ የተፈቀደ ስለሆነ ጽዳትም ሆነ መጋዘን ቶሎ ይገኛል፤ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብም አለና ግፊቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ብቻውን ቢሮ የሚያጸዳ ሰው ከማን ጋር ጀርመንኛ ያወራል? አቅም ካለ ቢ 1 እስኪደርስ ቋንቋው ይቅደም። አቅም ከሌለ ከኮርሱ ጋር የሚሄድ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሥራ ያዙ እንጂ ኮርሱን አታቋርጡ። ያቋረጠ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

የግብር መደብ፦ 3 እና 5 ወይስ 4 እና 4

ባልና ሚስት ሆናችሁ ስትመዘገቡ ግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ፊናንስአምት፣ ሁለታችሁንም መደብ 4 ላይ ያስቀምጣችኋል። መደቡ ከደመወዛችሁ በየወሩ ምን ያህል ግብር እንደሚቆረጥ የሚወስን ቁጥር ነው፤ በ4 ሁለታችሁም በአንድ ዓይነት ስሌት ይቆረጥባችኋል። ብትጠይቁ አንዱ 3 ሌላው 5 መሆን ይችላል። 3 የያዘው ሰው በየወሩ የሚቆረጥበት ግብር በጣም ይቀንሳል፣ 5 የያዘው በጣም ይቆረጥበታል። ባል ብዙ የሚያገኝ ከሆነ በ3 እና 5 ወር በገባ ቁጥር ቤት የሚገባው ገንዘብ ከፍ ይላል። የሰማችሁት ምክር ሁሉ ይህንን ውሰዱ የሚል ይሆናል፤ እኛም ሰምተን ወሰድን።

ያልተነገረን ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በዓመቱ መጨረሻ ግብራችሁን አብራችሁ ስታስታውቁ ጠቅላላው ግብር በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ አሁን መምጣቱ ወይም በኋላ መመለሱ ብቻ ነው። 3 እና 5 ከሆናችሁ ማስታወቁ ግዴታ ነው፣ ጨምሩ የምትባሉበት ጊዜም አለ። ሁለተኛው የበለጠ ያማል። ጀርመን ውስጥ የወላጅነት ድጎማ፣ የሥራ አጥነት ክፍያና የረጅም ሕመም ክፍያ የሚሰላው እጅ ላይ ከሚገባው የተጣራ ደመወዝ ነው። 5 የያዘው ሰው የተጣራ ደመወዙ ትንሽ ስለሚሆን ድጎማውም ትንሽ ይሆናል፤ ይህኛው ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ አይመለስም።

እኔ ሥራ ካገኘሁ በኋላም መደብ 5 ላይ ቆየሁ። ልጃችንን ስወልድ የወላጅነት ድጎማዬ በዚያ ተሰላ። የወረቀቱን ቁጥር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም ዝም አልን፤ ለዚያ ሁሉ ወር የቆጠብነው የመሰለን ገንዘብ በእኔ በኩል ሲወጣ የነበረ ነው።

ስለዚህ፦ ከሁለታችሁ አንዱ ምንም ገቢ ከሌለው 3 እና 5 ያዙ፣ በየወሩ የሚያስፈልግ ገንዘብ ነው። የተከተለው ሰው የሥራ ውል በፈረመበት ወር ግን ወደ 4 እና 4 ተመለሱ። ልጅ የምታስቡ ከሆነ አትዘግዩ፤ አዲሱ መደብ እንዲቆጠርላችሁ የወሊድ ፈቃዱ ከሚጀምርበት ወር በፊት ቢያንስ 7 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት፣ ፈቃዱ ደግሞ መውለጃው ከመድረሱ 6 ሳምንት ቀድሞ ይጀምራል። ማርገዛችሁን ባወቃችሁ ሳምንት ካልሆነ አይደርስም ማለት ነው።

የባንክ ሒሳብስ? የጋራ አንድ፣ በተከተለው ሰው ስም ደግሞ ሌላ አንድ። ትንሽ ገንዘብ ቢኖርበትም ይከፈት።

የጤና ኢንሹራንስ

ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሰው ከሕዝባዊው ወጥቶ የግል ኢንሹራንስ እንዲገባ ይባበላል፤ ለወጣትና ለብቸኛ ሰው ወርኃዊ ክፍያው ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ የስፔሻሊስት ቀጠሮም ቶሎ ያገኛል። በሕዝባዊው ግን ገቢ የሌላቸው የትዳር ጓደኛና ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ በአንዱ መዋጮ ይሸፈናሉ፤ በግሉ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍያ አለው። ከግሉ መመለስም ከባድ ነው፣ ከ55 ዓመት በኋላ ደግሞ በሩ የተዘጋ ያህል ነው። አንዱ ቤት ለሚውልበት ትዳር ሕዝባዊው ይሻላል።

ወጥ ቤት፦ ከአገር ቤት ይምጣ ወይስ እዚህ ይሠራ

ሻንጣ ስታዘጋጁ እናቶች የሚሰጧችሁን ሁሉ መያዝ ትፈልጋላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ ይሂድ። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወሰዳል። ቅቤውን እዚሁ ጨው የሌለበት የሱቅ ቅቤ ገዝታችሁ በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት አንጥሩት። የአያቴን አይሆንም፤ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ግን ያው ነው።

እንጀራ ገዝቶ መብላት ወይስ መጋገር? ጤፍ በከተማው ይገኛል። የብርዱ ወራት ሊጡን ያዘገየዋል፤ እኔ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከላዩ ሳይሆን ከጎኑ፣ በፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። የአገራችን ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው ኃይል ለአንድ ተራ ሶኬት ከባድ ስለሆነ ከማምጣታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዓመት ገዝቶ መብላት ይሻላል እላለሁ፤ የምትገዙበት ሱቅ የሰው መገናኛም ነውና።

ቡና ግን ቤት ይቆላ። በጀርመን የመኝታ ክፍሎችና መተላለፊያው የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አላቸው፤ በሩን ክፍት ትታችሁ ከቆላችሁ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። የወጥ ቤቱን በር ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ እጣኑን ከመተላለፊያው አርቁ። ሙቀጫውን ደግሞ እሑድ ቀን በወለሉ ላይ አታስቀምጡት፤ ከታች ያለው ጎረቤት ራሱ ላይ የተወቀጠ ያህል ይሰማዋል። እኔ አራት እጥፍ የታጠፈ ወፍራም ፎጣ አነጥፍለታለሁ፣ ወቅቼም ስጨርስ ለእነዚያው ጎረቤቶች አንድ ስኒ አወርዳለሁ።

ቲኬት ወይስ መኪና

የመላው ጀርመን ወርኃዊ ቲኬት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ 63 ዩሮ ሆኗል። የከተማውን ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ፣ እንዲሁም የክልል ባቡሮችን ያካትታል፤ ፈጣኖቹን የረጅም ርቀት ባቡሮች አያካትትም። በስም የሚሰጥ ስለሆነ ሁለት ሰው በአንድ መጠቀም አይችልም። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ መጀመሪያ የሚቀረው ቤት የሚውለው ሰው ቲኬት ነው፤ እባካችሁ እርሱን አታስቀሩ። ቲኬቱ ኪሴ ውስጥ በገባ ወር ያለ ምክንያት ማይንዝ ደርሼ ራይን ወንዝን አይቼ ተመለስኩ፤ ማታ ለባለቤቴ የምነግረው ነገር ነበረኝ።

መኪና በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም፤ መንጃ ፈቃዱን ግን አስቡበት። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚሠራው መኖሪያ ከያዛችሁ በኋላ ለ6 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ማለፍ ይጠበቅባችኋል። የጽሑፉ ፈተና ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል፤ እንግሊዝኛና ዓረብኛ አሉበት፣ አማርኛ የለም። የመንዳቱ በጀርመንኛ ነው። በቤታችሁ ፈተናውን ለመውሰድ ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ይቆይ፤ የተከተለው ይውሰድ።